ሲሞቅ ቀጥ የሚል ኮምፒውተር

ካዛንቺስ ለከፈትኳት የጽሕፈት ሱቅ ኮምፒውተር የሸጠልኝ ሰውዬ፣ ዕቃው ቀትር ላይ ቀጥ እያለ ሲያስቸግረኝ፣ «ማንበብ ሳይችሉ ነካክተው አበላሹት» ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ። ፊደል የለየሁት በጎልማሳነቴ፣ ማታ ተምሬ ስለሆነ አመንኩት።

በኋላ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ከፊቴ ሁለት ወጣቶች ያወራሉ።

«ፕሮሰሰሬን ኦቨርክሎክ ላደርገው ነው። ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ላስሮጠው።»

«በየትኛው ማዘርቦርድ ላይ ሰክተህ?»

«አንድ ርካሽ አይቻለሁ።»

«ተው አቦ! ቦርዱ ካልቻለው፣ ሜሞሪውም ካልተከተለው፣ ሲሞቅ ቀጥ ነው የሚልብህ።»

«አንተ ደሞ ከየት አወቅክ?»

«ካዛንቺስ ስሠራ አለቃዬ እንደዚያ እያስሮጠ፣ ፈጣን ፕሮሰሰር ነው እያለ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን የጽሕፈት ሱቅ ያላቸው ጋሼ የገዙት ኮምፒውተር ቀጥ እያለባቸው ተሸክመውት ሲመጡ፣ ‹ማንበብ ሳይችሉ ነካክተው ነው› አላቸው።»

«እሳቸውስ?»

«ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን ልበል? ደሞዝተኛ ነበርኩ።»

«አያሳዝኑም?»

«እስካሁን ፊታቸው አይጠፋኝም።»

ስታዲየም መውረድ ሲገባኝ ካዛንቺስ ይሠራ ከነበረው ልጅ ኋላ ሜክሲኮ ድረስ ሄድኩ፤ ስንወርድ ማንነቴን ነገርኩት፣ አብሮኝ ሄዶ ሊመሰክርልኝም ተስማማ፤ ሰውዬው በዚያው ሱቅ፣ በሰው ፊት፣ ይቅርታ የጠየቀኝ በመስቀል ማግስት ነው።