ለሁለት የተከፈለው እድር

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ከአምቡሊ ወደ ሀራሙስ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች በአማርኛቸው ተዋውቀው ያወራሉ።

«ማን ሞቶብሽ ነው ጥቁር የለበስሽው?»

«አብራኝ የምትሠራ ልጅ። ይኸው ሦስተኛ ቀኗ፣ እስካሁን ሬሳ ክፍል ናት።»

«ውይ! እድር አልነበራትም እንዴ?»

«ነበራት እንጂ! የወረዳችን ልጆች እድር። ከሰው ቀብር ቀርታ አታውቅም።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«አገር ቤት ወረዳው ፈረሰ። የላይኛውም የታችኛውም ከተማ የየራሱን ማዘጋጃ ቤት አገኘ። ይሄን ሲሰሙ እዚህ ያሉትም እድሩን ለሁለት ከፈሉት።»

«እዚህ ጅቡቲ ሆነው?»

«እዚሁ! የተካፈሉ ቀን ማዳሟ ስላልለቀቀቻት ስሟን ማንም አልወሰደውም። አሁን የላይኞቹ ‹መንደሯ የታችኞቹ ነው› ይሉኛል። የታችኞቹ ደግሞ ‹መዝገባችን ላይ የለችም› ብለው ደብዳቤ ላኩልኝ፤ ማኅተም መትተውበት!»

«መንደሯ የየትኛው ነው?»

«እኔ በምን አውቄ! እሷም አታውቅም ነበር። አገሯን ሲጠይቋት የድሮውን ወረዳ ነበር የምትጠራው።»

«እና ማን ሊቀብራት ነው?»

«የምንሠራበት ግቢ ዘበኛና ሾፌሩ እንሸከማታለን ብለዋል።»

«የኛ አገር ሰዎች ናቸው?»

«ሱማሌዎች ናቸው፤ ወረዳዋን አልጠየቁኝም።»

የታችኞቹ ማኅተም እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ዞር ብዬ ሳላያቸው፣ ሀራሙስ ሳንደርስ አስቁሜ ወረድኩ።