ሜላንጦስ አመመኝ ብሏል

የተከበራችሁ የአቴና ሽማግሌዎች፣ የበረንዳው መምህራንና ተማሪዎች፣ ከአትክልቱ ስፍራ አብራችሁኝ የመጣችሁ ወዳጆቼ፣ ከሁሉም በላይ አንቺ እት አርኪጴ፣ ወንድምሽን ሜላንጦስን ያጣሽው፤ እንዴት አደራችሁ ልበል? ማን ተኝቶ አደረና።

እኔ ፊሊና ነኝ። የአትክልቱ የፍልስፍና ትምህርት ቤት ሰው ነኝ። ቤቴ ከበረንዳው መምህር ከሜላንጦስ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ንግግር የተማርኩ ሴት አይደለሁም፤ እት አርኪጴ «አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ተናገሪ» ስላለችኝ ነው የቆምኩት። ፀሐይ ሳትወጣ መቅበር ልማዳችን ስለሆነ አላስረዝምም። አስረዝማለሁ፣ ታውቁኛላችሁ።

ግን ምን ብዬ ልናገር? በቅርቡ ገበያ መሃል ሽንኩርት ሲመርጥ፣ ከሻጯ ጋር ሲጨቃጨቅ አይቼዋለሁ። ዛሬ አፈር ሊገባ ነው። አልገባኝም። እናንተ ገብቷችኋል? የሆድ ሕመም ነው አሉ። ያን የመሰለ ሰው፣ እንደ ፈረስ የሚራመድ ሰው፣ ሐኪም በሞላበት ከተማ በሆድ ሕመም?

አስከሬኑን ይዘን ስንመጣ ሶስጥራጦስ፣ ከሜላንጦስ ተማሪዎች ሁሉ ታላቁ፣ ጠጋ አለኝ። «እትዬ ፊሊና፣ ሲሞት አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንድም ጊዜ ሳያቃስት ሞተ በይልን። ድንጋዩ ላይ እናስቀርጸዋለን» አለኝ። አሁን ሁላችሁም እየሰማችሁ እመልስለታለሁ።

ሜላንጦስና እኔ ስንከራከር ነው የኖርነው። የእሱ ትምህርት ቤት፣ በረንዳው፣ «ከመልካም ነገር ሁሉ የሚበልጠው በጎ ምግባር ነው፤ እንዲያውም እሱ ብቻ ነው መልካም። ሕመም ክፉ አይደለም፣ ደስታም መልካም አይደለም» ይላል። እኛ የአትክልቱ ሰዎች «የሚበልጠውስ ደስታ ነው፤ ሥጋ ሳይታመም ነፍስ ሳትታወክ መኖር ነው» እንላለን። ከተማው ደስታ የሚለውን ብቻ ሰምቶ ሆዳሞች ይለናል።

አንድ ጊዜ፣ በወሩ ሃያኛ ቀን በምንበላው የወዳጆች ማዕድ ላይ፣ ሊያሾፍብን መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ማዕዱን አየ። የገብስ ዳቦ፣ ምስር፣ ትንሽ አይብ፣ ውሃ የበዛበት ወይን።

«የታል ግብዣው?» አለ።

«ይኸው።»

«ለዚህ ነው ከተማው ሁሉ የሚያማችሁ? እኛ ደስታን የምንንቀው ሰዎች እንኳ ከዚህ የተሻለ እንበላለን።»

እያለ ተቀመጠ። አይቡን አንዴ አነሳ። ደገመ። «ይኼ ደስታ ነው ወይስ ምግባር?» አልኩት። «አይብ ነው። ዝም ብለሽ አቀብይኝ» አለኝ። ለምን እንደምወደው ገባችሁ?

ደግሞ የጣሪያው ነገር አለ። በረንዳው ላይ ሲያስተምር የጣሪያ ሸክላ ወርዶ ትከሻውን መታው። ደሙ ልብሱን አራሰው። እሱ የጀመረውን ነገር ሳያቋርጥ ጨረሰና «ሸክላም ክፉ አይደለም» አለ። ተሳቀ፣ ተጨበጨበ። ያጨበጨባችሁት እዚህ አላችሁ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ግን የሜላንጦስ ዝምታ ትምህርት ሆነ። ፊቱ ሲገረጣ ትምህርት ሆነ። ሰሞኑን ሆዱን ይዞ፣ ላቡ በጢሙ እየወረደ ሲያስተምር፣ እናንተ «እዩት እንግዲህ፣ መምህር ማለት ይኼ ነው» ትባባሉ ነበር። እት አርኪጴ ሐኪም ጠራች። ሐኪሙ ደጃፍ ደረሰ። ምን አላችሁት? «መምህራችን ሕመምን እያሸነፈ ነው፤ አትረብሸው።» ሐኪሙ ተመለሰ።

ይኼ በጫማ ሰፊዎች ሠፈር ይሆናል? ጫማ ሰፊ ሆዱን ሲይዝ ሆዱን አመመው ይባላል። እኛ ጋ ፍልስፍና ተባለ።

ማንንም ልከስ አይደለም። እሱም ለጠየቀው ሁሉ «ምንም አይደለም» ነበር የሚለው። የሚያስደነግጠኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው የለበትም። እየወደዳችሁት፣ እያያችሁት ሞተ።

ከትናንት ወዲያ ጠዋት ግድግዳዬን ሲደበድብ ሰማሁ። ሮጥኩ። እት አርኪጴ ሐኪሙን ፍለጋ ወጥታለች። እሱ ወለሉ ላይ ተጣጥፏል።

«ፊሊና፣ አመመኝ» አለ።

እጄን ያዘ። አቃሰተ። ጮኸም። ሶስጥራጦስ፣ ልጄ፣ መልሴ ይኼ ነው።

ግን አልጨረስኩም። እኔ ከልማዴ ነው መሰለኝ፣ እንባዬ እየወረደ «ታዲያ ሕመም ክፉ ነው በለኛ» አልኩት። ሊስቅ ሞከረ።

«አይደለም። አሁንም አይደለም» አለኝ። «መዋሸት ግን ክፉ ነው። ምንም አይደለም እያልኩ ስዋሽ ከረምኩ። በጎ ምግባር ውስጥ ውሸት ምን ይሠራል?» ትንፋሹን ሰብስቦ ደግሞ «አመመው ብለሽ ንገሪያቸው። እኔን አይተው ዝም እንዳይሉ» አለ። ከዚያ በኋላ የጠራው የእህቱን ስም ብቻ ነው።

ስለዚህ የአትክልቱ ወዳጆቼ፣ ክርክሩን አላሸነፍንም። ሶስጥራጦስ፣ አንተም አትፈር። ድንጋዩ ላይ ስሙንና የአባቱን ስም ጻፉ፤ ይበቃል። የምትቀብረው እስከ መጨረሻዋ ትንፋሹ ስለ በጎ ምግባር ያሰበ ሰው ነው።

ክሴኖን፣ አንተ እዚያ ከተማሪዎቹ ኋላ የቆምከው። ቃሬዛውን ስትሸከም አይቼሃለሁ፤ በአንድ እጅህ ነው የተሸከምከው። ያኛው፣ በጨርቅ የጠቀለልከው፣ እስከ ክርንህ አብጧል። ምን ሆነህ ነው ብልህ «ምንም አይደለም፣ እትዬ» አልከኝ። ይህን ቃል ሁለተኛ ልሸከመው አልችልም። ሐኪሙ ይኸው ወይራው ሥር ቆሟል። ሂድ። ንግግሬ እስኪያልቅ አትጠብቅ። ሶስጥራጦስ፣ አድርሰው።

ሜላንጦስ፣ ወዳጄ፣ ፀሐይዋ ወጣችብን። በሰላም ሂድ። ያልከኝን ነግሬያቸዋለሁ። ክሴኖን እየሄደልህ ነው። ሶስጥራጦስ ክንዱን ደግፎታል። «ያምሃል?» ብሎ ጠየቀው።

«በጣም» አለው።

ደህና ሁን።