በየትኛው እጅዎ ይቆርጣሉ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ መንገድ መጠቆም ነው። በጃፓኗ የቢላዋ ከተማ በሳካይ፣ ትራም ፌርማታ አጠገብ የሚቀመጥ ሽማግሌ መምህር ሌላ ሥራ የለውም። በዚያን ቀን የተጠየቅሁት ግን አናደደኝ።

“ይቅርታ አባባ፣ በዚህ ከተማ ለግራኝ የሚሆን የዓሣ ቢላዋ የሚሠራ ሰው ይኖር ይሆን?” አለችኝ ቦርሳ ያዘለች ወጣት። ሙራኦካ ቺናሚ ትባላለች፤ ምግብ አብሳይ ናት። ከናጋሳኪ ድረስ መጥታ ሁለት ቀን ሙሉ ስትዞር ነበር። የእኛ የዓሣ ቢላዋ የሚሳለው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ለቀኝ እጅ የተሳለው ግራኝ እጅ ሲገባ ጠማማ ይቆርጣል።

“ኩሮሳካ ቤት አልሄድሽም?”

“ድረ ገጹን አይቼዋለሁ። ስለ ግራኝ አንድ ቃል የለውም፤ አለፍኩት።”

ያናደደኝ ይኸው ነው። ኩሮሳካ ቶኩዞ ጎረቤቴ ነው። የግራኝ ቢላዋ እንደ እሱ አሳምሮ የሚሠራ በከተማችን የለም፤ ይህን ስናገር ደረቴን ነፍቼ ነው። እሱ ግን ደንበኛ ጠፋ ብሎ በወሩ መጨረሻ ምድጃውን ሊያጠፋ ቆርጧል። ልጅቷን ይዤ ወደ ቤቱ ገሰገስኩ።

ቶኩዞ ከመሳያ ድንጋዩ ቀና ሳይል ሰማኝ።

“ዌብሳይት አለኝ እኮ መምህር! የእህቴ ልጅ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሠርቶልኛል። አንድ ሰው አላመጣም። ጥሩ ቢላዋ ራሱ ይናገራል።”

“ለያዘው ሰው ይናገራል፣ አባባ” አለች ቺናሚ ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ። “ናጋሳኪ ላለ ሰው ግን ድምፁ አይሰማም።”

“ታዲያ ምን ላድርግ? ‘የግራኝ ቢላዋ እንደ እኔ የሚሠራ የለም’ እያልኩ ልለፍልፍ? አያቴ ቢሰማ በዚያ መዶሻ ነበር የሚመታኝ።”

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። እኛ ለእንግዳ ምርጡን ሻይ ስናቀርብ እንኳ “የማይረባ ነገር ነው” ሳንል አንሰጥም። ልጅቷ ግን ስልኳን አውጥታ የራሱን ገጽ ከፍታ ሰጠችው።

“እሺ፣ አሁን እርስዎ በእኔ ቦታ ነዎት። ግራኝ ነዎት፣ ሥራ ይጠብቅዎታል። ቢላዋዬን ፈልገው ያግኙልኝ።”

ቶኩዞ መነጽሩን አደረገ። መጀመሪያ ያገኘው የወቅት ሰላምታ ነው፦ “የቼሪ አበባ በሚፈካበት በዚህ ወር…” ይላል። ውጭ ቅጠል እየረገፈ ነበር። ቀጥሎ የአያቱ ፎቶግራፍ መጣ፤ ቀጥሎ የአባቱ፤ ቀጥሎ ለሙያ ማኅበሩ የቀረበ ረጅም ምስጋና። አውራ ጣቱ እስኪደክም ወደ ታች ሳበ። መጨረሻ ላይ “ለዝርዝሩ በፋክስ ይጠይቁ” የሚል አገኘ።

“ይሄ ሰውዬ መቼ ነው ወደ ቁም ነገሩ የሚገባው?” ብሎ ጮኸ። ሰውየው ራሱ መሆኑ ትዝ ያለው እኛ ስንስቅ ነው።

“አባባ፣ ሰው በዚህ በር ሲገባ ምን ይሉታል?”

“እንኳን ደህና መጡ ነዋ።”

“ከዚያስ? የአያትዎን ታሪክ ይነግሩታል?”

“አብጃለሁ እንዴ! ምን እንደሚቆርጥ እጠይቀዋለሁ። ከዚያ በየትኛው እጁ እንደሚይዝ አያለሁ።”

“ገጹም እንደ በሩ ይሁና! ‘ለግራኝም እሠራለሁ’ ማለት ጉራ አይደለም፣ መንገድ ማሳየት ነው። እንደ እኔ ያለ ደንበኛ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ለእኔ የሚሆን አለ ወይ፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ በምን አገኝዎታለሁ የሚለውን ነው። አያትዎ ከዚያ በኋላ ይምጡ፤ ያን ጊዜ በፍቅር አነባቸዋለሁ።”

ትሕትና ራስን መደበቅ መስሎን ኖረናል፤ እኛ ስንደበቅ ለካ ደንበኛው ደጃችን ድረስ መጥቶ ይመለስ ነበር። ቶኩዞ ተነሥቶ ክር አመጣ።

“ግራ እጅሽን ስጪኝ፣ ልጄ” አላትና መዳፏን ለካ። “የገጹ የመጀመሪያ ጥያቄ እንዴት ነው የሚጻፈው?”

ምድጃው ያን ወር አልጠፋም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይነዳል። አዲሱ ገጽ በስልክ ላይ ቶሎ ይከፈታል፤ ፊደሉ ጎላ ያለ ነው፤ ስልክ ቁጥሩ ሲነካ ይደውላል። የሚሠራውንና የማይሠራውን፣ የሚፈጀውንም ቀን በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ደዋዩ የሚፈልገውን አውቆ ይደውላል፤ ቶኩዞም በማስረዳት ሊያጠፋው የሚችለውን ሰዓት ለብረቱ ያውለዋል። ከሰሜን ጫፍ ከሆካይዶ ሳይቀር ግራኞች ይጽፉለታል፤ አያቱም ታች ሆነው በደንብ ይነበባሉ።

የአዲሱ ገጽ የመጀመሪያ ደንበኛ ግን እኔ ነኝ። ገጹ ከመውጣቱ በፊት ቶኩዞ ፊደል እንዳርምለት ሰጠኝ። የመጀመሪያው መስመር “ምን ይቆርጣሉ? በየትኛው እጅዎ?” ይላል። ሰባት ዓመቴ ላይ መምህሬ ግራ እጄን በመቀነት አስሮ በቀኜ እንድጽፍ አድርጎኛል። እኔም በተራዬ፣ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፣ የስንቱን ልጅ ግራ እጅ በማስመሪያ መትቻለሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ፣ በየትኛው እጄ እንደምቆርጥ የጠየቀኝ ያ ገጽ የመጀመሪያው ነው።

“ስህተት አለው እንዴ?” አለኝ ቶኩዞ ያንኑ መስመር ደጋግሜ ሳነብ ቢያየኝ።

“የለውም። ለእኔም አንድ ሥራልኝ። ለግራ እጅ።”

ቶኩዞ አፉን ከፍቶ አየኝ። “አርባ ዓመት ጎረቤቴ ሆነህ ግራኝ መሆንህን አንድ ቀን አትነግረኝም?”

“አልጠየቅከኝማ!” አልኩት።