በአንድ ጣት የተመታ ከበሮ

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚኒባስ ስሄድ፣ ከፊቴ እንደ እኔ በዕድሜ የገፋች ሴትና አንድ ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አይተዋወቁም። ወጣቱ ስልኩን ሲነካካ ከበሮ ተሰማ።

«ልጄ፣ ማነው የሚመታው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ኢንተርኔት ላይ ያለ ገጽ ነው። እነዚህን ሳጥኖች ስነካ ይመታል።»

«እሑድ የልጅ ልጄን እድራለሁ። የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ በከበሮ የሸኘሁ እኔ ነበርሁ። ቀኝ እጄ ከታመመ ወዲህ ግን መትቼ አላውቅም።»

«በግራዎ ይሞክሩት። ይሄ ወፍራሙ ድምፅ ነው፣ ያ ቀጭኑ።»

ከኋላ አንድ ሰውዬ፣ «እማማ፣ ሙሽራዋንም በስልክ ይዳሯት» አለ።

«አንተ ትከሻህን ያዝ።»

በአንድ ጣቷ ሳጥኖቹን ነካካች። ስልኩ መታ።

«ይሄማ የወታደር ሰልፍ ነው። ይችኛዋን ትንሽ አዘግይልኝ። የእኛ ከበሮ እዚህ ላይ ትንፋሽ ይወስዳል።»

«እንዲህ?»

«ትንሽ ጨምር።»

ከበሮው እንደገና ተነሳ። ሴትዮዋ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ይሄ የእኔ እጅ ነው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ትከሻውን ወደሚሰብቀው ሰውዬ ዞረች። «ትከሻህን ያዝ ብዬህ ነበር።»

«ምን ላድርግ፣ እምቢ አለኝ» አለ ሰውዬው።

«ለእሑድ ላስቀምጥልዎት፣ እማማ» አለ ወጣቱ። « ስም ይጠይቃል፤ የእርስዎን ልጻፍ?»

«የለም። ምቱን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ጥሩነሽ ብለህ ጻፍ።»

«ጻፍሁ።»

«እስቲ ጥሩነሽን ድገማት።»

ደባርቅ መግቢያ ላይ ያለው መውረጃዬ ሲያልፈኝ እያየሁ «ወራጅ አለ» አላልሁም።