ከምላጩ በፊት ያለው ጥያቄ

ጸጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ የጢሜን ግማሽ ላጭቶ ግማሹን በአረፋ እንደሸፈነው፣ ነርስ የሆነችው የእህቱ ልጅ ከሥራ ስትመለስ ብቅ አለች። የጎረቤቴ ጉልበት ካበጠ ከርሟል። በራጅ ሲታይ ከመገጣጠሚያው በላይ አጥንቱ ላይ ደስ የማይል ነገር ተገኝቶ፣ ምንነቱ እንዲመረመር በማግስቱ በመርፌ ናሙና ሊወሰድለት ተቀጥሯል። «እግሬን ካጣሁ በምን ቆሜ እሠራለሁ?» እያለ ሲተክዝ ሰንብቷል።

«ጋሼ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ነገሩት?» አለችው።

«ምን መድኃኒት አለኝና!» አለ። እጁ ግን ወደ ኪሱ ሄደ።

«ኪስዎ ውስጥ ያለውስ?»

«ይቺማ አስፕሪን ናት። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ለልቡ ከታዘዘለት ለጉልበቴ ሕመም እያካፈለኝ ነው። ታዲያ ተናግሬ ላስወቅሰው? የደግነቱ ዋጋ ይኼ ነው?»

«አስፕሪን እኮ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። ነገ አልቆም ቢልስ?»

«የመርፌ ቀዳዳ ምን ደም አላት! ቀጠሮው ቢተላለፍብኝስ? ጭንቀቱን አልችለውም።»

ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ጎረቤት እንዳይቀየም የገዛ አጥንትን ያስረሳል። ምክሬን ልለግስ አፌን ብከፍት አረፋ ገባበትና ተውኩት።

«ጋሼ፣ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ምላጭ ከማስነካትዎ በፊት ምን ይሉታል?»

«ቁስል አለህ ወይ? ደምህስ ቶሎ ይቆማል? እለዋለኋ።»

«ዋሽቶ ቢደማብዎስ?»

«ጉድ ሠራኝ እላለሁ እንጂ!»

«ሐኪሙም የሚጠይቅዎ ለዚሁ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? የሚውጡትን መደበቅም ያው ነው።»

ምላጩን አስቀመጠ። «ረታሽኝ፣ ልጄ» ብሎ እዚያው ወደ ሆስፒታሉ ደወለ። ማንም አልተቆጣውም። እንዲያውም ሐኪሙ አመስግኖት ቀጠሮውን በሳምንት አራዘመለት፤ በአስፕሪኑ ፈንታ የሚወስደውን ማስታገሻ፣ በዕለቱ ከምግብ የሚቆጠብበትን ሰዓትና አስታማሚ ይዞ መምጣት እንዳለበት ነገረው። የእህቱ ልጅ ደግሞ ልብስ ሰፊውን ሄዳ መከረችው፤ ለካ እሱም ለጎረቤቱ ሲል የራሱን መድኃኒት እያጎደለ ነበር።

ናሙናው በሰላም ተወሰደ። የተፈራው ክፉ በሽታ አልነበረም፤ ታክሞ የሚድን ሆነ። አንዲት እውነተኛ መልስ ሐኪሙን ከስህተት፣ ጎረቤቱን ከጉዳት፣ እሱንም ከአደጋ ጠበቀች። ዛሬ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ አረፍ እያለ ይሠራል። የእህቱ ልጅ በመጣች ቁጥር «እግዜር ይስጥሽ፣ ያቆምሽኝ አንቺ ነሽ» ብሎ መርቆ አይጠግብም። እኔም ስለ እሱ አብሬ አመሰግናታለሁ።

ትናንት አንድ እንግዳ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ «ቁስል አለህ ወይ? የምትውጠው ኪኒንስ?» አለው።

«ምንም የለኝም» አለ እንግዳው።

ጎረቤቴ ምላጩን እንደያዘ የሰውየውን ኪስ አየት አደረገ።