አንበሳ አይበሉት

አልቃሿ አሮጊት መተማ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ሲገቡ ሾፌሩን «ሸሕዲ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ካለው ለቅሶ ቤት አውርደኝ» አሉት። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ ሰማሁ፤ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ግን የተሳፈረችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ወዴት ነው፣ እማማ?»

«ለቅሶ። አንድ ወታደር ልጅ ሞቶ። እናቱ ገና አልተረዳችም።»

«እግዜር ያጽናት። ምን ብለው ሊያለቅሱለት ነው?»

«አንበሳው፣ ምሽግ ሰባሪው እላለሁ። ለሁሉም የምለው እሱን ነው።»

«አንበሳ አይበሉት።»

«ለምን፣ እታለም?»

«የኔም ዘምቷል። ሲሸኝ የሸለልኩለት እኔ ነኝ። አንበሳዬ ስለው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ውሻ ሲጮኽ ከኋላዬ የሚደበቅ ልጅ እኮ ነው።»

«ይደውላል?»

«ሰሊጡ ታጭዶ አለቀ፣ አልደወለም። ያን ቀን ምነው አፌን በያዘው።»

«አይዞሽ። አሁን ወዴት ነሽ?»

«ሸሕዲ። ወንድሜን አሞታል፣ ቶሎ ነይ አሉኝ።»

«ቤቱ የት ነው?»

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። በሩ ሰማያዊ ነው።»

አልቃሿ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ብዙ ከሄድን በኋላ ወደ ሴትዮዋ ተመለሱ።

«ልጅሽ ማን ይባላል?»

«ማሩ።»

«ማሩ ምን ይወዳል?»

«እንቅልፍ ነዋ! ወፍ ጠብቅ ብንለው ተኝቶ ማሽላውን አስበላው። ምነው ጠየቁኝ?»

«እንዲያው ነው፣ እታለም። አንበሳ አልለውም።»

ሸሕዲ ሳንደርስ ጎማው እንዲፈነዳ በልቤ ስለት ተሳልኩ።