ምላሽ ያጣው የጋሽ ጴጥሮስ ሰርቨር

መብራት ጠፍቶ በመጣበት አንድ ከሰዓት፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አማል ከጋሽ ጴጥሮስ ጋር ድንገት ተገናኘች። ጋሽ ጴጥሮስ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። አማል ከበላያቸው የምትኖር የኔትወርክ ባለሙያ ናት።

"ጋሼ፣ ዓይንዎን ተሻለዎት?"

"ዓይኔስ ድኗል፤ የማየው ነው የጠፋው። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሂርጳ እንኳ አንድ መስመር አልጻፈልኝም።"

ሂርጳ ነቀምቴ የሚኖር የወጣትነት ጓደኛቸው ነው። ጆሮው ስለደከመ ስልክ አይሰማም፤ የሚገናኙት በኢሜይል ብቻ ነው። ጋሽ ጴጥሮስ ደግሞ "ደብዳቤዬን የማላውቀው ኩባንያ አያስቀምጥልኝም" ብለው የኢሜይል ሰርቨራቸውን፣ ማለትም ደብዳቤውን ተቀብሎ የሚያስቀምጠውን ኮምፒውተር፣ ሳሎናቸው ውስጥ ያቆሙ ሰው ናቸው።

አማል ነገሩን ጠረጠረች። "መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የቤትዎ የኢንተርኔት ቁጥር ይቀየር የለም? አዲሱን ቁጥር በኢሜይል አድራሻዎ ስም ላይ ማን ያስመዘግባል?"

"እኔው ራሴ፣ በእጄ።"

"ዓይንዎ ታሽጎ በነበረ ጊዜስ?"

"ያኔማ ማንም። ከዚያም ወዲህ አልነካሁትም።"

"እንግዲያው የአድራሻዎ ስም አሁንም የሚያመለክተው የድሮውን ቁጥር ነው። የተጻፈልዎ ሁሉ እርስዎን አጥቶ ወደ ጸሐፊው ተመልሷል ማለት ነው። ዳይናሚክ ዲኤንኤስ የሚባል ዘዴ አለ፤ ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር አንድ ትንሽ ፕሮግራም ራሱ ያስመዘግብልዎታል።"

"አይሆንም! ሰርቨሩን ቤቴ ያስቀመጥኩት በሰው እጅ ላለመግባት ነው።"

"ደብዳቤዎ ከቤትዎ አይወጣም እኮ፣ ጋሼ። ለውጭ የሚነገረው ቤትዎ የት እንደሆነ ብቻ ነው። ይህንንም እስከ ዛሬ እርስዎ ራስዎ ሲናገሩ ኖረዋል።"

"ሂርጳ ቢያስበኝ ኖሮ መንገድ አያጣም ነበር።"

"እርስዎስ ጻፉለት?"

"ተራው የሱ ነው።" ድምፃቸው ቀጠነ። "ልጄ፣ እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። ሁሉን አስተካክዬ አሁንም ባይጽፍልኝስ? እስከዚያው ቢያንስ ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው እላለሁ።"

የብቸኝነት ክፋቱ ይህ ነው። የተማረውን ሰው እንኳ ከመፍትሔው ይልቅ ሰበቡን ያስወድደዋል።

አማል ጥቂት አሰበችና፣ "እሱም እዚያ ሆኖ ይህንኑ እያለ ቢሆንስ?" አለቻቸው።

ጋሽ ጴጥሮስ ቁልፋቸውን አውጥተው ቤታቸውን ከፈቱላት። አማል ፕሮግራሙን ጫነች፤ ለመፈተንም ኢንተርኔት የሚያስገባውን ራውተር አጥፍታ አበራችው። ቁጥሩ ተቀየረ፤ የአድራሻውም ስም ማንም ሳይነካው አዲሱን ቁጥር ያዘ። ጋሽ ጴጥሮስም "ሂርጳ፣ አለሁ" ብለው ጻፉ።

ምላሹ በማግስቱ መጣ። "አንተ ክፉ! ደጋግሜ ብጽፍ ተመለሰብኝ። የሞትክ መሰለኝ። ማንንም ያልጠየቅኩት መርዶህን እንዳልሰማ ፈርቼ ነው።"

ጋሽ ጴጥሮስ ብዙ ጊዜ አነበቡት፤ ለማን ጮክ ብለው እንደሚያነቡት ግን ቸገራቸው። አማልን ጠሯት።

ያለፉት ወራት ደብዳቤዎች እንደጠፉ ቀርተዋል፤ ሳሎኑም ዛሬም ጭር ያለ ነው። ሆኖም መብራት ጠፍቶ ቢመጣ፣ እሳቸውም ቢታመሙ፣ የሚጻፍላቸው ይደርሳቸዋል፤ ደብዳቤያቸውም በገዛ ቤታቸው ይቀመጣል። አንባቢ ሆይ፣ ዝም ያለህን ወዳጅ ከመውቀስህ በፊት አድራሻህ መሥራቱን መርምር፤ ያ ወዳጅ በአንተ ሐዘን ተቀምጦ ይሆናልና።